በርበሬው ከልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ይነሳ

ምግብ ቤቴ የሚመጡ ደንበኞች ሂሳብ ከፍለው ሊወጡ ሲሉ ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «እትዬ፣ ቤት ውስጥ በርበሬ አዘጋጅቼ ልሸጥ አስቤ ነበር፤ ከየት ልጀምር?» አንዳንዷ ዳቦ ቆሎ ትላለች፣ አንዳንዱ ቡና ቆልቼ ላሽግ ይላል። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነውና ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ይህ ምግብ ቤት ከመከፈቱ በፊት እኛ ቤት የመመገቢያ ጠረጴዛ አልነበረም። ነበረ እንኳ፣ በርበሬው ወስዶት ነበር። ወንፊቱ፣ ሚዛኑ፣ ላስቲኩ፣ ዱቤ የምጽፍበት ደብተር፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ትልቋ ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዋ ጠርታ ደብተሯን አሳየችኝ፤ ገጹ ሁሉ ቀይ ብናኝ። ልጅቷም ስታስነጥስ ነው የምትውለው። በጣም አፈርኩ። ማታ ደግሞ «እማዬ፣ ጠረጴዛው መቼ ነው የኛ የሚሆነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤት ውስጥ መሥራት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ተቆፍሮለት እዚያው መኖሪያው ይሠራል። ግን ልብ በሉ፣ ጉድጓዱ የሥራው ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አያስቀምጥበትም። እኛ ኮሎምበስ ስንመጣ የረሳነው ይህንን ነው።

ባለቤቴ መፍትሔ ብሎ ያሰበው ቤዝመንት ውስጥ ሁለተኛ ምድጃ መትከል ነበር። ያገለገለ ምድጃ ገዝቶ፣ ከጓደኛው ጋር እያማጡ አወረዱት። ደግነቱ ሳይገጠም አንድ የሚያውቅ ሰው ደረሰልን። የኦሃዮ ሕግ «ኮቴጅ ፉድ» ለሚለው ሥራ «ቤት» የሚለው ባለቤቱ የሚኖርበትን ዋና መኖሪያ ነው፤ ምግብ የሚበሰልበት ምድጃ ደግሞ አንድ ብቻ መሆን አለበት፣ እሱም ተራ የቤት ምድጃ፣ በተለመደው ወጥ ቤት ውስጥ። ሁለተኛውን ብንተክል ኖሮ ራሳችንን ከሕጉ እናስወጣ ነበር። ምድጃው ተመልሶ ወጣ። የባለቤቴ ወገብ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። በኪራይ ቤት ያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሊዛችሁን አንብቡ፣ የኦሃዮ ግብርና መሥሪያ ቤትንም ጠይቁ፤ ሩቅ አይደለም፣ ሬይኖልድስበርግ ኢስት ሜን ስትሪት ላይ ነው።

ሕጉ በሌላ በኩል ቸር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ላሉት ምግቦች ፈቃድ ማውጣትም ተቆጣጣሪ መጠበቅም የለም። የደረቀ ቅመም ድብልቅ አለበት፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ማለት ነው። የተቆላ ቡናም አለበት፣ ፍሬውም የተፈጨውም። ደረቅ የተጋገሩ ነገሮችም እንዲሁ፤ ዳቦ ቆሎ በዚህ ይገባል። ንጥር ቅቤና አዋዜ ግን የሉበትም። ቺዝኬክን የመሰለ ፍሪጅ የሚፈልግ ኬክ ለመሸጥ «ሆም ቤከሪ» የሚባል የ10 ዶላር ፈቃድ ይወጣል፤ ያኔ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ምንጣፍ አይፈቀድም፣ ቤት ውስጥ ድመትም ውሻም አይኖርም። የኮቴጅ ፉድ ምርት የሚሸጠው ኦሃዮ ውስጥ ብቻ ነው። ሚኒያፖሊስ ላለች እህታችሁ ስጦታ ብትልኩ የሚከለክላችሁ የለም፣ እንድትሸጥላችሁ ግን አትላኩ።

ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እንደ ቀላል አትዩት። አንድ ሱቅ ሃያ አራት ከረጢት በርበሬ መልሶልኛል፤ ስሜንና ስልኬን ብቻ ነበር የጻፍኩት። ተናድጄ ወጣሁ፣ ሱቁ ግን ልክ ነበር። የምግቡ ስም፣ የእናንተ ስምና አድራሻ፣ ክብደቱ፣ በውስጡ ያለው ነገር ከብዙው ወደ ጥቂቱ ተደርድሮ፣ ከዚያም «ይህ ምርት ቤት ውስጥ የተሠራ ነው» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ፣ በ10 ነጥብ ፊደል መጻፍ አለበት። አለርጂ የሚያመጣም ይገለጻል፤ ስንዴና ለውዝ ድሮም ነበሩበት፣ ከ2023 ወዲህ ሰሊጥም ተጨምሯል። ልጆች፣ ይህ የናንተ ሥራ ነው! እናቶቻችሁ እንግሊዝኛውን ሲጽፉ ፊደሉን እያያችሁ አርሙ።

ወጥ ቤቱ አንድ ከሆነ የሚለየው በሰዓት ነው። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ኳስ ሜዳ ሲሄዱ አደረግነው፤ በዚያ ሰዓት እራት አይሠራም፣ ማንም አይገባም። ብናኙን በተመለከተ ዘግይቼ የተማርኩት አለ። ፈርነሱ ሲነሳ አየሩን ከአንዱ ክፍል ስቦ ለቤቱ ሁሉ ያድላል። በርበሬዬን ፎቅ ድረስ ያደረሰው እሱ ነው። ስትነፉና ስታሽጉ አጥፉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፊልተሩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ጭሱን ወደ ውጭ ማውጣቱንም እዩ፤ የብዙ አፓርትመንት ማራገቢያ እዚያው መልሶ ይተፋዋል። ከሰልማ ቤት ውስጥ በጭራሽ፤ የቡና ሥርዓት ነው ብላችሁም ቢሆን። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ደብተሩ፣ ኮምፒውተሩና የታሸገው ዕቃ ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ከግድግዳው ራቅ ያለ መደርደሪያ፣ ክዳን ያለው ዕቃ፣ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ገዛን። እርጥበቱን ከ50 በመቶ በታች ካላደረጋችሁ በርበሬው ይሻግታል። ቤዝመንት የምትውሉ ሰዎች ራዶንን አስለኩ። ከመሬት የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ነው፤ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር ዋና ምክንያት እሱ ነው፣ የኛ ፍራንክሊን ካውንቲም ከፍተኛ ይሆናል ተብሎ ከተመደበው ክልል ውስጥ ነው። መለኪያው ሃርድዌር ሱቅ ይሸጣል። 4 ፒኮኪዩሪ በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦና ማራገቢያ ይገጠማል።

ያቺ ጥግ ለታክስም ትጠቅማለች። አይአርኤስ የሚጠይቀው ቦታው ለሥራው ብቻ፣ ያውም በመደበኛነት እንዲያገለግል ነው። እራት የሚበላበት ጠረጴዛ አይቆጠርም። በቀላሉ መንገድ ለአንድ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት ድረስ ከሥራው ገቢ ይቀነሳል። የኔ ጥግ 10 በ12 ነበረች፤ 120 ስኩዌር ፊት፣ 600 ዶላር። ከታክሱ ሳይሆን ከገቢው ነው የሚቀነሰው፣ እንዳትሳሳቱ። ሥራው ካተረፈው በላይም አይቀነስም።

ኤልኤልሲ ለማቋቋም ኦሃዮ 99 ዶላር ያስከፍላል። የንግድ ምክር ደግሞ ኮሎምበስ ስቴት ኮሌጅ ያለው የአነስተኛ ንግድ ማዕከል በነፃ ይሰጣል፤ ትንሽ ብድር የሚፈልግ ኢሲዲአይን ይጠይቅ። ኢአይኤን የሚባለው ቁጥር አይአርኤስ ዘንድ በነፃ ነው፣ ተቀምጣችሁ በአንድ ሲኒ ቡና ይጨርሳል። እኔ ግን አንድ ሰው «አወጣልሻለሁ» ብሎኝ 75 ዶላር ከፍያለሁ።