«ፕሮግራምዎን ያዘምኑ» የሚል መልእክት ሲመጣ፦ ሰላይ ሶፍትዌር ወደ ቤት ኮምፒዩተር እንዴት ይገባል?

ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባሉ ከተሞች ኮምፒዩተር የቢሮ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ነጋዴው የሒሳብ መዝገቡን፣ ተማሪው የጥናት ጽሑፉን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊው የአባላቱን የእህል ርክክብ ይይዝበታል፤ በውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋርም መገናኛ ሆኗል። በዚያው ልክ ባለቤቱ ሳያውቅ ለሚገቡ ሁለት ጎጂ ሶፍትዌሮች ተጋልጧል። እነርሱም አድዌር የሚባለው ማስታወቂያ ጫኝ ሶፍትዌርና ስፓይዌር የሚባለው ሰላይ ሶፍትዌር ናቸው።

የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት ማሳን ማየት ይበቃል። አድዌር እንደ ፓርቲኒየም ነው። በአካባቢያችን በሶማሊኛ «ከሊጊ ኖሌ»፣ ማለትም ብቻውን የሚኖር፣ የሚባለው ይህ አረም ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ወደ አገራችን እንደገባ በስፋት ይነገራል። አድዌርም በነፃ ከሚወርድ ሌላ ፕሮግራም ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ከዚያም ሳይደበቅ ይስፋፋል፦ ማስታወቂያ ሳይጠሩት ይከፈታል፣ የኢንተርኔት ማሰሻው የመጀመሪያ ገጽ ይለወጣል፣ ኮምፒዩተሩ ይዘገያል። ስፓይዌር ግን አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ለሳምንታት ከመሬት በታች ይመጠምጣል፤ አበባው ሲታይ ሰብሉ አስቀድሞ ተጎድቷል። ስፓይዌርም በዝምታ የይለፍ ቃል ይመዘግባል፣ የስክሪኑን ምስል ይቀዳል፣ አንዳንዱም ካሜራና ማይክሮፎን ይከፍታል። የሰበሰበውንም በኢንተርኔት ለላኪው ያስተላልፋል።

ይህ ከኢትዮጵያውያን የራቀ ጉዳይ አይደለም። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የጥናት ተቋም የካቲት 2006 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት፣ ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የተሠራ ስፓይዌር ሰነድ መስሎ በስካይፕ ለኢሳት ጋዜጠኞች መላኩን ገልጿል። ኅዳር 2010 ዓ.ም ደግሞ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክና ሌሎች ሰዎች ዒላማ መደረጋቸውን ይፋ አድርጓል።

በሁለተኛው ሪፖርት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አገባቡ ነው። ለተጠቂዎቹ ቪዲዮ ወዳለበት ገጽ የሚወስድ ሊንክ በኢሜይል ይደርሳቸዋል። ገጹን ሲከፍቱ ቪዲዮውን ለማየት «ፍላሽ ፕሌየርን ያዘምኑ» ይባላሉ። የሚወርደው ፋይል ግን ስፓይዌሩን ይዟል። በሩን የሚከፍተው ተጠቂው በገዛ እጁ ነበር። መንግሥታት የሚገዙት ውድ ሶፍትዌርም፣ ተራ ሌባ የሚበትነው ርካሽ ሶፍትዌርም በዚሁ በር መግባት ይችላል። የፍላሽ ፕሌየር ባለቤት አዶቢ ፕሮግራሙን ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ላይ ስላቋረጠው፣ ዛሬ «ፍላሽ ያዘምኑ» የሚል ማንኛውም ገጽ ማታለያ ነው። ለሌሎች ፕሮግራሞችም ዝመና ከራሱ ከፕሮግራሙ ወይም ከአምራቹ ድረ ገጽ እንጂ ቪዲዮ ለማየት ከተከፈተ ገጽ መወሰድ የለበትም።

ሌላው በር የተሰበረ፣ በተለምዶ «ክራክ» የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ይህን ፕሮግራም ለመጫን ብዙ ጊዜ የኮምፒዩተሩን መከላከያ ማጥፋት ይጠየቃል፤ ዘበኛን አሰናብቶ እንግዳ ማስገባት ማለት ነው። ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛ ሰውም የቀድሞው ባለቤት ምን እንደጫነበት ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይገባዋል። ከኮምፒዩተር ቤት የተመለሰ ፍላሽ ዲስክም ከመከፈቱ በፊት በጸረ ቫይረስ መፈተሽ አለበት።

ከስልክ ላይ በሚጋራ የሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ጥቅላቸው እንዳያልቅ የዊንዶውስን ዝመና ያጠፋሉ። ሥጋቱ እውነት ቢሆንም ስሌቱ የተሳሳተ ይመስለኛል። አድዌር ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ሲያወርድ የሚበላው ያንኑ ዳታ ነው፤ ዝመና ደግሞ የታወቁ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ በማቋረጡ፣ ኮምፒዩተራቸው የሚችል ሰዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ቢሸጋገሩ ይመረጣል።

ለመከላከያ የግድ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር እንዳይጠፋ መጠበቅ ለቤት ኮምፒዩተር ጥሩ መነሻ ነው። በኢሜይልና በባንክ አካውንት ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ደግሞ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ እንኳ ሌባውን ሊያስቆመው ይችላል። ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተከለከለ በመሆኑ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።

ኮምፒዩተሩ መበከሉን የጠረጠረ ሰው በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያቋርጥ፤ ቀጥሎም በዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ያካሂድ። ባንክ ነክ መረጃ ተጽፎበት ከሆነ ለባንኩ ሳይዘገይ ማሳወቅ ይገባል። የይለፍ ቃል ግን መለወጥ ያለበት በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው፤ በተበከለው ኮምፒዩተር ላይ ከተለወጠ አዲሱም ወዲያው ይወሰዳልና።