«ሁሉ» በየትኛው ዓለም? ምልክት፣ ማረጋገጫና የንግግር ዓለም

ሉቃስ 2፥1 የአውግስጦስ ቄሣር የቆጠራ ትእዛዝ ዓለምን ሁሉ እንደሚመለከት ይናገራል። በዚያ ዘመን በመርዌ ወይም በቻይና የነበረ ሰው ግን በዚህ ቆጠራ አልተካተተም። ታዲያ ሉቃስ ተሳስቷልን? ከመመለሳችን በፊት «ሁሉ» የሚለው ቃል ስለ የትኞቹ ነገሮች እንደሚናገር መጠየቅ አለብን። የሎጂክ ሊቃውንቱ ኦገስተስ ደ ሞርጋን በ1846፣ ጆርጅ ቡል በ1854 እ.ኤ.አ. ይህን ክልል «ዓለም» ብለውታል። እኛ «የንግግር ዓለም» እንበለው። ሉቃስ የተጠቀመበት ኦይኩሜኔ የሚለው የግሪክ ቃል በዚህ ስፍራ የሮምን ግዛት ያመለክታል፤ «ሁሉ»ም የሚለካው በዚያ ነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ (1839–1914) ይህን በሥዕል አሳይቷል። ባዶ ወረቀት ይውሰዱ። ወረቀቱ ራሱ የንግግሩን ዓለም ይወክላል። «ሰው» ብለው ጽፈው ወፍራም መስመር ቢቀጥሉበት፣ በዚያ ዓለም ሰው የሆነ አንድ ነገር አለ ብለዋል። የጻፉትን በክብ መስመር ቢያጥሩት ደግሞ ክደውታል። አሁን በትልቅ ክብ ውስጥ «ሰው» ብለው ይጻፉ፤ በዚያው ክብ ውስጥ «የተቆጠረ» የሚለውን የያዘ ትንሽ ክብ ይሣሉ፤ ሁለቱን ቃላት በመስመር ያገናኙ። ያልተቆጠረ ሰው የለም፣ ማለትም ሰው ሁሉ ተቆጥሯል ማለት ነው። «ሁሉ» የሚል ምልክት በሥዕሉ ላይ እንደሌለ ልብ ይበሉ። ሥዕሉን ሳይነኩ ወረቀቱ የሚወክለውን ዓለም ቢቀይሩ፣ እውነት የነበረው ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ምልክትን መጻፍና ማረጋገጥ ግን አንድ አይደሉም። ለፐርስ ማረጋገጥ ለንግግሩ እውነትነት ኀላፊነት መውሰድ ነው፤ በሹም ፊት ከመማል ጋር ያነጻጽረዋል። ለሰባኪ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ታናሽ ጅማሬና ስለ ታላቅ ፍጻሜ የሚናገረው ኢዮብ 8፥7 እንደ ተስፋ ቃል ሲጠቀስ እንሰማለን። ተናጋሪው ግን በልዳዶስ ነው፤ በ42፥7 እግዚአብሔር ኤልፋዝንና ሁለቱን ባልንጀሮቹን ስለ እርሱ ቅን ነገር ባለመናገራቸው ይገሥጻቸዋል። በመዝሙር 14፥1 ያለውን የሰነፉን ክሕደት የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ የሚሰብክ የለም። የበልዳዶስን የምንስተው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ስለሚለን ነው።

ክቡ መስመር እዚህ አይረዳንም፤ ክብ ይክዳል፣ የሌላውን ንግግር መጥቀስ ግን መካድ አይደለም። በልዳዶስም እውነት የተናገረበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ፐርስ በ1903 በሎዌል ትምህርቶቹ በአንድ ወረቀት ፈንታ፣ በአንዳንድ ነጥቦች የተያያዙ የብዙ ወረቀቶችን መጽሐፍ አስቧል። እርሱ ያሰበው ስለሆነውና ሊሆን ስለሚችለው ነበር፤ ለኢዮብ መጽሐፍ ግን በደንብ ይስማማል። ተራኪው አንድ ወረቀት አለው፣ በልዳዶስ የራሱ አለው፣ እግዚአብሔርም የሚናገርበት አለ። 8፥7ን ከበልዳዶስ ወረቀት ወደ እግዚአብሔር ወረቀት ማዛወር የሚፈልግ ሰባኪ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ መጻፉ ሳይሆን ስለ ዝውውሩ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል።