ኃይልና እንቅስቃሴ፦ ከአርስቶትል እስከ ዘመናችን መማሪያ ክፍል

በገና ጨዋታ ዱላ ያገኛት ሩር ሽቅብ እየከነፈች ሳለ የትኞቹ ኃይሎች ይሠሩባታል? ጥያቄው ስሌት አይፈልግም። ሆኖም ፊዚክስ የተማረም ያልተማረም ብዙ ሰው «ዱላው የሰጣት ኃይል ወደ ላይ ይገፋታል፣ ስበት ወደ ታች ይጎትታታል» ብሎ ይመልሳል። ዱላው ግን ወደኋላ ቀርቷል። ሩሯ ከዱላው ከተላቀቀችበት ቅጽበት ጀምሮ የሚሠሩባት ስበትና የአየሩ ሰበቃ ብቻ ናቸው። ወደ ላይ የምትሄደው የሚገፋት ስላለ አይደለም፤ መሄድ ስለጀመረችና ስበት ገና ስላላስቆማት ነው። ይህን በቅጡ የተረዳ ተማሪ የኃይልና የእንቅስቃሴ ትምህርትን ከባድ ክፍል አልፏል ብዬ አምናለሁ፤ ቀመር በቃሉ ቢያውቅም ይህን ያልተረዳ ግን ገና በራፉ ላይ ነው።

የተሳሳተው መልስ የስንፍና ምልክት እንዳልሆነ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። አርስቶትል ማንኛውም ነገር የሚንቀሳቀሰው አንቀሳቃሽ እስካለው ድረስ ነው ብሎ አስተማረ። በሬው ሲቆም ማረሻው ይቆማልና ትምህርቱ ዓይን ከሚያየው ጋር ይስማማል። ከእጅ የወጣ ድንጋይ ግን አስቸገረው፤ አየሩ ከኋላ እየገፋ ይወስደዋል ለማለትም ተገደደ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን አልቀበልም አለ። ወርዋሪው በድንጋዩ ላይ አንዳች ኃይል ያሳድራል፣ ድንጋዩም ያን ይዞ ይጓዛል ሲል አስረዳ። ክብደታቸው እጅግ የሚለያይ ሁለት ዕቃዎች ከአንድ ከፍታ ሲለቀቁ መሬት የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት በጣም ጥቂት መሆኑንም ጽፏል። ያደረ ኃይል የሚለውን ሐሳብ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን አዳበረው። እንግዲህ ስለ ሩሯ «የዱላው ኃይል አብሯት አለ» የሚል ተማሪ ታላላቅ ሊቃውንት ለዘመናት የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሟል። መምህሩ ይህን ካወቀ የሚያርመው በአክብሮት ነው።

ጋሊሊዮ ክርክሩን ወደ ልኬት አመጣው። ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ነገር ለመለካት ይፈጥናል፣ በዘመኑም ሰከንድን በትክክል የሚቆጥር ሰዓት አልነበረም። ስለዚህ ውድቀቱን አዘገየው፤ ቦይ በተቀረጸበት ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ የነሐስ ኳስ እያንከባለለ፣ በዚያው ጊዜ ከዕቃ በቀጭኑ የሚፈሰውን ውሃ እየመዘነ ጊዜውን ለካ። ኳሱ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል 1 ክንድ ከሄደ፣ በተከታዮቹ እኩል የጊዜ ክፍሎች 3፣ 5፣ 7 ክንድ ይሄዳል። ሳንቃው ይበልጥ ቢጋደል ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ ይህ ሥርዓት አይለወጥም። ዛሬም ከሕንፃ ጫፍ የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር፣ በሁለተኛው 14.7 ሜትር የሚወርደው በዚያው በ1 ለ3 ሥርዓት ነው። ጋሊሊዮ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዝርጉ ወለል ተሻገረ። ቁልቁል የሚያፈጥን፣ ዳገት የሚያዘገይ ከሆነ፣ ሰበቃ የሌለበት ዝርግ ወለል ኳሱን ሊያፈጥነውም ሊያዘገየውም ምክንያት የለውም። እንቅስቃሴን ለማስቀጠል ኃይል ያስፈልጋል የሚለው የሁለት ሺህ ዓመት ሐሳብ እዚህ ላይ ተናደ። ይህን የያዘው መጽሐፉ በ1638 ላይደን ከተማ ሲታተም ደራሲው በፍርድ ከቤቱ እንዳይወጣ ተደርጎ፣ ዓይኑም ጠፍቶ ነበር።

አይዛክ ኒውተን በ1687 በላቲን ባሳተመው ታላቅ ሥራ ሦስቱን ሕግጋት አሰናዳ። የመጀመሪያው የጋሊሊዮንና የፈላስፋውን የዴካርትን ሐሳብ ያጸናል፤ ኃይል ካልደረሰበት ያረፈው እንዳረፈ፣ የሚሄደውም በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ታክሲው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደፊት የምንወረወር የሚመስለን ለዚህ ነው፤ የሚወረውረን የለም፣ የቆመው መኪናው ነው። ሁለተኛው ሕግ ቁጥር ይሰጣል። 2 ኪሎግራም ዕቃ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 3 ሜትር በሰከንድ እንዲጨምር 6 ኒውተን የተጣራ ኃይል ይፈልጋል። «የተጣራ» የሚለው ቃል በችኮላ ሲታለፍ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፤ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ መኪና ላይ የተጣራው ኃይል ዜሮ ነው፣ የሞተሩ ሥራ ሰበቃውን ማካካስ ብቻ ነውና።

ሦስተኛው ሕግ በቃል ሲታወቅ ቀላል፣ ሲሠሩበት ግን አሳሳች ነው። ድርጊቱና አጸፋው በአንድ ዕቃ ላይ አይሠሩም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ እግሩ አስፋልቱን ወደኋላ ገፋ፣ አስፋልቱም አበበን ወደፊት ገፋው። ሯጩን ያራመደው የመሬቱ ግፊት ነው፣ ይህን ያስቻለው ደግሞ ሰበቃ ነው። ሰበቃን እንደ እንቅፋት ብቻ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ግማሽ ያስቀራሉ።

ሰበቃ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። 30 ቶን የሚመዝን ተሳቢ 1000 ሜትር ሲወርድ ወደ 300 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት የሆነ ቦታ መግባት አለበት፤ ይህ ከ800 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ያሞቃል። ሁሉም በፍሬን ሸራው ላይ ከወደቀ ሸራው ይግላል፣ የመያዝ አቅሙንም ያጣል። ነባር ሹፌሮች በከባድ ማርሽ ውረድ የሚሉት ሞተሩ ድርሻውን እንዲሸከም ነው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም በ40 ከሚሄደው 4 እጥፍ የፍሬን ርቀት እንደሚፈልግም የሚያሳየው ይኸው ትምህርት ነው፤ ለመንጃ ፈቃድ የሚቀመጥ ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ክብደትና መጠነ ቁስም ይምታታሉ። መጠነ ቁስ የትም አይለወጥም፤ ክብደት ግን እንደ ቦታው ነው። መማሪያ መጽሐፉ የስበትን መጠን 9.8 ወይም 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይላል። አዲስ አበባ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች ልኩ ወደ 9.78 ይወርዳል፣ ዋልታዎቹ ላይ 9.83 ይሆናል። ጨረቃ ላይ ስበቱ የምድር አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው፤ አየርም የለም። በ1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት መዶሻና የጭልፊት ላባ አንድ ላይ ቢለቅ እኩል አረፉ።

ወደ ብርሃን ፍጥነት ለሚጠጋ ነገር የኒውተን ሕግጋት አይበቁም፤ ከ1905 ወዲህ የአይንስታይን ሥራ ቦታውን ይዟል። ለመኪና፣ ለድልድይና ለኳስ ግን የኒውተን በቂ ነው።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ምርምር ሆነ። በ1992 የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪው ሄስቴነስና ባልደረቦቹ ስሌት የሌለበት የምርጫ ፈተና አወጡ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ይህን መሰል ፈተና ለተማሪዎቹ ሲሰጥ አንዲት ተማሪ እርስዎ ባስተማሩን ልመልስ ወይስ እኔ በማስበው ስትል ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን እያቋረጠ ተማሪዎቹ በጥያቄ ላይ እርስ በርስ እንዲከራከሩ ማድረግ ጀመረ። በእኛ አገር ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በሚያስብበት ቋንቋ ያልተከራከረበትን ነገር በእንግሊዝኛ ቢሸመድደው የማዙር ተማሪ ጥያቄ በእርሱም ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ክርክር ለመጀመር ቤተ ሙከራ እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ሳንቃ፣ አንድ ኳስና ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ የጋሊሊዮን ልኬት ይደግማሉ፤ ቀመሩ ከመጻፉ በፊትም እያንዳንዱ ተማሪ በኳሱ ላይ የሚሠሩትን ኃይሎች በቀስት ይሣል፣ ከጎኑ ላለውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ምክንያቱን ያስረዳ።