«ነፃ» ሲባል ወጪውን የሚሸፍነው ማነው?
የቤትዎን ኮምፒውተር ከሰላይ ሶፍትዌር ለመጠበቅ

አቦምሳ ውስጥ አንድ የቤት ኮምፒውተር ስንት ሥራ እንዳለበት ያስቡት። ልጆች የቤት ሥራ ይጽፉበታል፣ የሠርግ ፎቶ ይቀመጥበታል፣ የሱቅ ሒሳብ ይሠራበታል፣ አንዳንዴም የባንክ ሒሳብ ይታይበታል። ፍላሹም ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ቤት ሲመላለስ ይውላል። ስፓይዌር ወይም ሰላይ ሶፍትዌር የሚባለው ይህን ሁሉ ተደብቆ የሚከታተል፣ የይለፍ ቃልዎን ሳይቀር መዝግቦ ለሌላ ሰው የሚልክ ፕሮግራም ነው።

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። «ነፃ» የሚለውን ቃል ያህል ደንበኛ የሚስብ ቃል እንደሌለ በደንብ አውቃለሁ። ስለዚህ ነፃ መከላከያ ከመምረጥዎ በፊት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጠይቁ።

ከማውረድዎ በፊት ያለዎትን ይዩ

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካለዎት ማይክሮሶፍት ዲፌንደር አብሮት መጥቷል። ወጪው ከዊንዶውስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቁም። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚለውን ይክፈቱና ጥበቃው መብራቱን፣ መቼ እንደተዘመነም ይመልከቱ። ዊንዶውስ 10 ግን መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ኮምፒውተርዎ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ያሳድጉት።

ሁለተኛ ዓይን ከፈለጉ ማልዌርባይትስ ነፃ አማራጭ አለው። ነፃው ሲያዙት ፈትሾ ያጸዳል እንጂ ቀን ከሌሊት ዘብ አይቆምም፤ ዘብ የሚቆመው የሚከፈልበት ነው። ኩባንያው ገቢውን ከየት እንደሚያገኝ ስለሚታወቅ ለጥያቄያችን ግልጽ መልስ አለው። ሁለት ዘቦችን ባንድ ላይ መጫን ግን ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል፣ እርስ በርስም ያጋጫቸዋል።

ነፃው ሲያስከፍል

አቫስት በነፃ ጸረ ቫይረሱ የታወቀ ነው። ሆኖም የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ በንዑስ ኩባንያው በኩል ሸጧል በሚል የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ አስወስኖበታል። ከዚህ የባሰም አለ። ይኸው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 የከሰሳቸው ድርጅቶች በሐሰተኛ «ነፃ ምርመራ» እያስፈራሩ ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች የማይረባ ፕሮግራም ሸጠው ነበር።

የእኛም ሰዎች በዚህ መንገድ ተጠምደዋል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና አክቲቪስቶች የቪዲዮ ሊንክ በኢሜይል ይላክላቸው ነበር። ሲከፍቱት «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን ያዘምኑ» ይላል። ያወረዱት ማዘመኛ ግን ስፓይዌር የታጨቀበት ነበር።

ድረ ገጽ ላይ ድንገት «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል» ወይም «አሁኑኑ ያዘምኑ» የሚል ነገር ብቅ ካለ ገጹን ይዝጉት። ፕሮግራም የሚያወርዱት ከባለቤቱ ድረ ገጽ ብቻ ይሁን።

በቤትዎ ልማድ ያድርጉት

• ፍላሽ ሲገባ ፋይል ከመክፈትዎ በፊት በዲፌንደር ያስፈትሹት።

• በስልክ ዳታ ማዘመን ከከበደዎ፣ ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ማዘመኛ ለብቻው በፋይል ያቀርባል። አሰላ ወይም አዳማ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲሄዱ በፍላሽ ይዘውት ይምጡ፤ ቶሎ ስለሚያረጅ በመጡበት ቀን ይጫኑት።

• ኮምፒውተርዎን ፎርማት የሚያደርግልዎ ባለሙያ «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም እንዳይጭንብዎ አስቀድመው ይንገሩት። ክራክ ለማሠራት ሲባል ብዙ ጊዜ ጥበቃው ይጠፋል፤ ስፓይዌርም በዚያው ይገባል።

• ለልጆች የራሳቸውን አካውንት ይክፈቱላቸው፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን አይስጡት።

• ከተጠራጠሩ የዲፌንደርን «ኦፍላይን» ምርመራ ያስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ስለሚነሳ ሥራዎን አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ፤ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ስፓይዌር ከተገኘ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃልዎን ወዲያውኑ ይቀይሩ። የሚቀይሩት ግን በሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይሁን፤ በዚያው ላይ ከቀየሩት አዲሱንም ለሰላዩ አሳልፈው ሊሰጡት ይችላሉ።