የካርቡራተሯ ትንሽ ቀዳዳ

ቦዲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እጅግ ያገናኘዋል!

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራች ያማሃ ዲቲ 125 ካለችዎ፣ ቤንዚኑን ዘግተው የካርቡራተሯን የታችኛውን ጽዋ በካቻቢቴ ይፍቱት። ቁጥር የተቀረጸባት አንዲት ትንሽ የናስ ብሎን ያያሉ። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲሰጡ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን የሚለካው በእርሷ ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳውም ይሰፋል።

በቦዲቲ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ይልቅ 18 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ለጠረፍ አየር የተለካች ቀዳዳ ግን ቤንዚኑን እንደ ወትሮዋ ታፈሳለች። ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ከወር ደመወዝዎም ላይ ቤንዚን በከንቱ ይነዳል። መድኃኒቱ ቁጥሯ ዝቅ ያለ ናስ ነው።

ታዲያ ቁጠባ ወዳድ ይጠንቀቅ! በዚህችው ናስ በሶዶና በሁምቦ አድርገው ከ1,300 ሜትር በታች ወዳለው የአባያ ሐይቅ ዳርቻ ቢወርዱ፣ አየሩ ይበረክታል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር እስከ መጣበቅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የቆላዋን ናስ በኪስዎ ይያዙ።

ቀዳዳዋ ስትደፈን በሽቦ መጎርጎር የብዙዎች ልማድ ነው፤ ክፉ ልማድ! ናስ ለስላሳ ነውና ቀዳዳው ይሰፋል፤ የተቀረጸው ቁጥርም ውሸት ይሆናል። በቤንዚን አጥበው ከጎሚስታው ዘንድ አየር ያስነፉባት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ናሷን አይክሰሱ፤ የተንሳፋፊውን መርፌ ይመልከቱ።