«ደህና ነኝ» የሚሉ የካንሰር ሕሙማን፦ ቻይነት ይለካል?



በካንሰር ሕክምና ላይ ያለን ሰው ስንጠይቅ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው መልስ «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን» የሚል ነው። ይህ የሰላምታ ወግ እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም። ሕመምን የሚለካ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ ስለሌለ ሐኪሙ ማስታገሻ የሚያዘው በአብዛኛው በሽተኛው በሚነግረው መሠረት ነው። ስለሆነም ሕመሙን ዋጥ አድርጎ የሚቀመጥ ሰው የሚገባውን ሕክምና ሊያጣ ይችላል።

ቻይነት ምንድን ነው?

ቻይነት ማለት ሕመምን፣ ሐዘንን ወይም ፍርሃትን ሳያሰሙና ሳያማርሩ መሸከም ነው። በባህላችን የተከበረ ጠባይ ነው። ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ «ሆዴ ይፍጀው» ብለው የሚያድሩ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። በሽተኛው ረጅሙን ሕክምና እንዲጨርስም ብርታት ሊሆነው ይችላል። ጉዳት የሚያመጣው ዝምታው እስከ ሐኪሙ ድረስ ሲዘልቅ ነው።

እንዴት ይለካል?

ተመራማሪዎች ቻይነትን የሚለኩት በመጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝ አገር የወጣው የሊቨርፑል መለኪያ 20 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ተጠያቂው ስሜትን ስለመግለጽና ስለመደበቅ የቀረበለትን እያነበበ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት መልሶች አንዱን ይመርጣል፤ ነጥቡም ይደመራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፓታክና የዊተን መለኪያ ደግሞ ቻይነትን በ4 ይከፍለዋል። እነዚህም ዝምታ፣ ጽናት፣ የመንፈስ እርጋታና ለሞት ግድ አለመስጠት ናቸው።

ይህ አከፋፈል አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። ጽናትና ዝምታ አንድ አይደሉም። ሰው ጽኑ ሆኖ ሳለ ሕመሙን በግልጽ ሊናገር ይችላል።

ሆኖም መለኪያዎቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ በመሆናቸው በአማርኛ ከመጠቀም በፊት ተተርጉመው በተናጋሪዎቹ ዘንድ መሞከር አለባቸው። ከዚህም ሌላ ነጥቡ ብቻውን ሰውየው ለምን ዝም እንዳለ አይነግረንም። የመድኃኒት ወጪ ፈርቶ ይሆናል፤ ወይም የሚያስተረጉምለት የገዛ ልጁ ስለሆነ አፍሮ ይሆናል። በመሆኑም በሰፈራችን ማንንም «ቻይ ነው» ብለን ከማለፍ ይልቅ ሕመሙን ራሱን እንለካ።

ሕመምን መለካት

በሽተኛው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንዲገልጽ ይጠይቁ። 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ሊታሰብ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ሕመም ማለት ነው። ቁጥር ለማይመቸው እጅ ይበቃል። የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም ማለት ሲሆን 5 ጣት የመጨረሻው ከባድ ሕመም ነው።

በጎ ፈቃደኞች ይህን ያድርጉ፦

• ከሰላምታው በኋላ ጥቂት ቆይተው ለብቻ ይጠይቁ።
• «ያምዎታል?» ብለው ብቻ አያቁሙ። «ማታ ስንት ሰዓት ተኙ? ምግብ ይበላሉ? ያለ ሰው እርዳታ ይነሳሉ?» ብለው ይጨምሩ።
• ልጅን ወይም አማትን አስተርጓሚ አያድርጉ።
• ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉ። ማስታገሻ ከተወሰደ በኋላ እንደገና ይጠይቁ።
• የሰሙትን ምስጢር ይጠብቁ።

ማስታገሻ መውሰድ ድክመት ነው?

አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው መመሪያ ለቀላል የካንሰር ሕመም እንደ ፓራሲታሞል ያሉትን፣ ለከባዱ ደግሞ ሞርፊንን ይመክራል። ማስታገሻ የሚሻለው ሕመሙ እስኪጠና ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ ሲወሰድ ነው። የሚጠጣው ሞርፊን ለምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም ሲወሰድ ሱስ የመሆኑ አጋጣሚ አነስተኛ ነው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ጭምር እንዲያዙት ሕግ ፈቅዷል። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በየቤታቸው ይረዳል።

ፈጽሞ ችለው የማያድሯቸው ምልክቶች

• ኬሞቴራፒ በሚወስድ ሰው ላይ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት። ሕክምናው በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። «ወባ ነው፣ ይለፍልኛል» ብለው አይጠብቁ። ሙቀትዎን ሳይለኩ ፓራሲታሞል አይውሰዱ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።
• አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም መደንዘዝ ጋር፣ ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል። ዕጢው ሕብለ ሰረሰርን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ከዘገየ እግር ለዘለቄታው ሊሽባ ይችላል።
• የማያቋርጥ ትውከት፣ የማይቆም ደም ወይም የትንፋሽ ማጠር።

ከእነዚህ አንዱ ቢታይ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኬሞቴራፒ እየወሰዱ መሆንዎን አስቀድመው ይናገሩ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሐኪሙ እስኪጠይቅዎ ሳይጠብቁ ቁጥርዎን ይንገሩ። ጽናትዎ አብሮዎት ይኑር፤ ሕመምዎ ግን ይታወቅ።