በ«አልታየም» እና በ«የለም» መካከል

ወደ ሸዋ ጻድቃኔ ማርያም የሚጓዝ ሰው ጓዙ ብዙ አይደለም። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ለሱባኤው የሚሆን በሶና ቆሎ፣ ጠበል መቅጃ ጀሪካን። ከዚህ መሃል አንዳንዱ በልብስ አጥብቆ የሚጠቀልላት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አለች። የተለጠፈባት ወረቀት ተልጧል፤ እንዳትንኳኳም ጥጥ ተጠቅጥቆባታል። አውቶቡስ ውስጥ የክኒን ድምፅ የሚለይ ጆሮ አይጠፋማ።

የጻድቃኔ መንገደኛ የሚያልፍባት ሰላ ድንጋይ የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ የታሪክ ሰዎች የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መኖሪያ ስለነበረች ያነሷታል። ዛሬ አገር የሚያውቃት ግን ከአዲስ አበባም ከሌላውም ክፍለ ሀገር በሚጎርፈው የጠበል እንግዳ ነው። ከእንግዳው መሃል ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ ሰው ሁልጊዜም አለ። እዚህ ቦታ ሁለት ቃላት ይጋጫሉ። ጤና ጣቢያው በሰጠው ወረቀት ላይ ቫይረሱ «አልታየም» ይላል፤ ሰውየው ደግሞ በልቡ «የለም» ብሎ ያነበዋል። ኤች አይ ቪ በሰው አካል ውስጥ የሚሠራውን የተረዳ፣ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ገደል ያያል።

ቫይረሱ ብቻውን ምንም አይደለም። የሰው ሴል ውስጥ ካልገባ አይባዛም። የሚመርጠው ደግሞ ገላው ላይ ሲዲ ፎር የሚባል ፕሮቲን ያለበትን ነጭ የደም ሴል ነው። ይህ ሴል በራሱ ጠላት ገዳይ አይደለም፤ ነጋሪት መቺ ነው። ጀርም ሲገባ አዋጅ ያስነግራል፤ ገዳዮቹ ሴሎች የሚከቱት፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚመረተው እሱ ሲጎስም ነው። ሠራዊቱን አንድ በአንድ ከመልቀም ነጋሪት መቺውን መግደል ምን ያህል እንደሚበልጥ ጦር ያየ አገር አይጠፋውም።

አገባቡ እንዲህ ነው። ቫይረሱ የያዘው መልእክት በአር ኤን ኤ የተጻፈ ነው። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጠዋል፤ ቀጥሎ ኢንቲግሬዝ የሚባል ኢንዛይም ያንን ግልባጭ ከሴሉ የራሱ ዲ ኤን ኤ ጋር ይሰፋዋል። ከዚያ ወዲያ ሴሉ የራሱን ትእዛዝ ሲያነብ የጠላቱንም አብሮ ያነባል። የሚገለብጠው ኢንዛይም ደግሞ እንደ ቸኮለ ቁም ጸሐፊ ነው፤ ፊደል ይገድፋል፣ መለስ ብሎም አያርምም። በአንድ ሰው ደም ውስጥ ያሉት ቫይረሶች እርስ በርስ የማይመሳሰሉት፣ ክትባቱም እስካሁን ሳይሳካ የቀረው በአመዛኙ በዚህ ግድፈት ነው። መድኃኒት አንዴ ተውጦ አንዴ ሲታለፍ፣ ከተገደፉት መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋመው ዕድል ያገኛል።

ቫይረሱ በገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙ ሰው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዕጢ ማበጥ፣ አንዳንዴም ሽፍታ ይታይበታል። በደጋ አገር ይህ «ብርድ መታኝ» ተብሎ ያልፋል፤ ምችም ይባላል፣ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ታዲያ ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ዳማከሴው ይመሰገናል። እነዚያ ሳምንታት ግን በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ጣሪያ የነካበት፣ ወደ ሌላም የመተላለፍ ኃይሉ የበረታበት ጊዜ ናቸው፤ የጣት ደም ምርመራው ደግሞ የሚፈልገው በዋናነት ፀረ እንግዳ አካልን ስለሆነ ገና ላያገኘው ይችላል። አንጀት ዙሪያ ያለው የሲዲ ፎር ክምችት ክፉኛ የሚመታውም ያኔ ነው።

ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ሰውየው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። መድኃኒት ካልጀመረ ይህ ዝምታ በአማካይ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ይዘልቃል። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ገደማ ሲዲ ፎር አለው፤ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ከ200 ሲያንስ፣ ወይም ከታወቁት ተጓዳኝ በሽታዎች አንዱ ሲከሰት፣ ኤድስ የሚባለው ደረጃ ደረሰ ማለት ነው። በንግግራችን ሁለቱን እናምታታለን፤ ቫይረሱ ያለበትን ሁሉ «ኤድስ አለበት» እንላለን። መድኃኒቱን በጊዜ ጀምሮ የሚወስድ ሰው ግን ኤድስ የሚባለውን ደረጃ ሳያየው ሊያረጅ ይችላል።

ሰው የሚሞተው ነጋሪት መቺው ሲያልቅ ሰተት ብሎ በሚገባው በሽታ ነው። በእኛ አገር ከፊት የሚመጣው ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚኖረው የቲቢ ጀርም ጠባቂው ሲዳከም ይነሳል። አፍ ውስጥ እንደ እርጎ የሚጋገር ነጭ ፈንገስ ይወጣል። በጎድን በኩል እንደ ቀበቶ ዞሮ የሚያቃጥል አልማዝ ባለጭራ ይከተላል፤ ምርመራ ባልነበረበት ዘመን ጎረቤት ምርመራውን የሚጨርሰው በእሱ ነበር፤ አልማዝ የወጣባት ሴት ስሟም አብሮ ይወጣል። አልማዝ ባለጭራ ቫይረሱ የሌለበትንም ሰው፣ በተለይ አዛውንትን፣ እንደሚይዝ የሚያስብ አልነበረም። ከዚህ የከፋው ራስ ምታቱ የማይለቀው የማጅራት ገትር ፈንገስና የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ለአማራ ክልል ደግሞ የራሱ የሆነ መዘዝ አለው። ከደጋው ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እዚያ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰውና ካላ አዛር ይዞ ይመለሳል። ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያፋፍመዋል፤ ካላ አዛሩ ታክሞም እየደጋገመ ይመለሳል።

ዓለም በሽታውን ያወቀው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 ከአሜሪካ በወጣ አጭር የሕክምና ዘገባ ነው። በ1983 የፓሪሱ ፓስተር ተቋም ሰዎች፣ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኚዬ፣ ቫይረሱን ለዩት። ከካሜሩን ቺምፓንዚዎች ወደ ሰው የተሻገረው ግን ከዚያ በብዙ አሥርት ዓመታት አስቀድሞ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በደም ናሙና የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 አዲስ አበባ ውስጥ ታወቁ። ከዚያ በሽታው የአስፋልቱን መስመር ይዞ ሄደ። ሾፌር የሚያድርበት፣ ወታደር የሚሰፍርበት ከተማ ቀድሞ ተጎዳ። ገጠሩ ስሙን ለመጥራት እንኳ አልደፈረም፤ «የዘመኑ በሽታ» ይለዋል፣ ወይም ዝም ብሎ «በሽታው»።

የ1990ዎቹ ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የቀብር ዓመታት ነበሩ። እድሮች ሣጥናቸው ደረቀ፤ አንዳንዶቹ ከቀብር አልፈው የታመመ ማስታመም፣ የሙት ልጅ ማሳደግ ውስጥ ገቡ። በ1990 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ ወጣ። በዚያው ሰሞን መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት ተመሠረቱ፤ ቫይረሱ በደማችን አለ ብለው አደባባይ የወጡት ሰዎች ከፖስተሩ ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርተዋል ብዬ አምናለሁ። ፖስተሩማ የራስ ቅልና አጥንት ስሎ ሰውን ያስበረግግ ነበር፤ የበረገገ ሰው ደግሞ ይደበቃል እንጂ አይመረመርም። በራዲዮ «የቀን ቅኝት» ድራማ ተደመጠ፤ ድምፃውያን ተሰባስበው «ማለባበስ ይቅር» አሉ። ቤተ ክርስቲያን ከሠርግ በፊት የምርመራ ወረቀት መጠየቅ የጀመረችው በዚሁ ዘመን ነው።

መድኃኒቱ ራሱ ከእኛ ቀድሞ ነበር። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ላይ መውሰድ ሰውን ከሞት እንደሚመልስ እ.ኤ.አ. በ1996 ታውቋል። እዚህ መጀመሪያ በገንዘብ የሚሸጥ ስለነበር ያለው ገዛ፣ የሌለው ሞተ። በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ «ዕድሜ ማራዘሚያ» አለው። ስሙ በወቅቱ ተስፋ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጎዳ ይመስለኛል። ሊሞት የተቃረበ ሰው ቀን የሚጨመርለት ያስመስላልና፣ ገና ያልታመመ ጎረምሳ ሲሰማው ይሸሻል። ያን ጊዜ ሲዲ ፎር እስኪወርድ ይጠበቅ ነበር፤ አሁን በምርመራ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምራል።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚውጠው በቀን አንድ ክኒን ነው፤ ውስጧ ሦስት መድኃኒት አለ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ገልባጩን ኢንዛይም ያሰናክላሉ፤ ዶሉቴግራቪር ደግሞ ሰፊውን፣ ኢንቲግሬዙን፣ መርፌውን ያስጥለዋል። አዲስ ሴል አይያዝም፤ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በጥቂት ወራት መሣሪያ ሊቆጥረው ከማይችል መጠን በታች ይወርዳል። ይህ ነው «አልታየም»። በዚህ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ትዳር አጋሩ አያስተላልፍም። ይህ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥንዶች ክትትል የተገኘ ውጤት ነው፤ በየሰፈሩ ግን ገና አልተሰማም።

አስቀድሞ የተሰፋውን ግልባጭ ግን ክኒኗ አትተረትረውም። ረጅም ዕድሜ ያላቸው አንዳንድ ሴሎች ግልባጩን እንደያዙ ይተኛሉ፤ በዕጢ ውስጥ፣ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ። ቫይረስ ስለማያመርቱ መድኃኒቱ አያገኛቸውም፤ ከደም የተቀዳው ናሙናም አያሳያቸውም። ክኒኗ ስትቋረጥ አንዱ ይነቃል፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቫይረሱ እንደገና ደም ውስጥ ይቆጠራል። ከዚህ ክምችት ጭምር ተፈወሱ የተባሉት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው፣ ቲሞቲ ሬይ ብራውን፣ በርሊን ውስጥ ለደም ካንሰሩ የተሰጠው መቅኔ ቫይረሱ የሚገባበት በር ከተዘጋበት ሰው የመጣ በመሆኑ ነበር። ለሌላው የሚታዘዝ ሕክምና አይደለም።

ወደ ጠበሉ ልመለስ። ሰው ሱባኤ ይገባል፣ ይጠመቃል፣ ይበረታል። መበርታቱ እውነት ነው፤ ምናልባት መድኃኒቱን ለዓመታት ስለዋጠ፣ ምናልባትም ከሰው ፊት ርቆ ስላረፈ። እምነቱን የሚነካ ቃል የለኝም። ችግሩ የሚመጣው መበርታቱን አይቶ የክኒን ዕቃዋን ሲጥላት ነው። ከቆመ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ምንም አይሰማውም፤ ያ ዝምታ ምስክር ይሆንለታል። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ማሳሰባቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ጥያቄው ግን በየጠበሉ ሜዳ ዛሬም አለ፤ የሚነሳውም በሹክሹክታ ነው፤ ጾሙስ? የአሁኗ ክኒን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ትዋጣለች፤ ማታ ከጾም በኋላ ሰዓት ወስኖ ለሚውጣት ሰው ጾሙ አይነካም። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እናቶች ጋ ነገሩ የበለጠ ያስደስታል። ምንም ካልተደረገ ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ይያዛሉ። እናት መድኃኒቷን ከወሰደች፣ ሕፃኑም የመከላከያ ሽሮፑን ካገኘ፣ ከመቶ ከአምስት በታች ይሆናል። ሕፃኑ ግን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስ በደሙ ሊይዝ ስለሚችል የተለመደው የጣት ምርመራ ያሳስታል። ስለዚህ በስድስት ሳምንቱ ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ ይደርቅና ቫይረሱ ራሱ ወደሚፈለግበት ላቦራቶሪ ይላካል። ወረቀቱ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ቀን የምትቆጥር እናት ሌላ ነገር አትቆጥርም።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 0.9 በመቶው ቫይረሱ እንዳለበት አሳይቷል፤ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4። ሴቶች 1.2፣ ወንዶች 0.6። ቁጥሩ ሲያንስ ወሬውም ጠፋ፤ ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት የቀብሩን ዘመን አላየም፣ ፖስተሩንም አያውቅም። በሌላ በኩል ያኔ የተረፉት አርጅተዋል፤ አሁን ጤና ጣቢያ የሚመላለሱት ለደም ግፊትና ለስኳርም ነው።

የመድኃኒቱ መንገድም አልተመቸም። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ሲደርስ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቀጠሮ ያለው ሰው መድረሻ አጣ፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራታቸው ተቋረጠ። ለመድኃኒቱ ሲመላለስ ለኖረ ሰው ጥሩው ዜና ቀጠሮው ከወር ወደ ስድስት ወር መራዘሙ ነው። የስድስት ወር ክኒን ይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ ቢዘጋም አይቋረጥበትም።

ያቺ ውጤት የተጻፈባት ወረቀት ግን ሁልጊዜ አስተርጓሚ ትፈልጋለች። አማካሪዋ ወረቀቱን ታጥፋለች። «አልታየም» ትላለች። ሰውየው ደረቱን ይነፋል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፃ ወጣሁ ማለት ነው?» ይላል። «አይ ጋሼ፣ ተኝቷል። እንዳይነቃ የሚጠብቀው እርስዎ ነዎት።» ዝም ይላል። ከዚያ ወረቀቱን ሳይሆን ጀሪካኑን እያየ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮው ስንት ቀን ላይ እንደሚውል ይጠይቃታል፤ ሃያ አንድ ከሆነ እንድታዞርለት፣ ያን ቀን ጻድቃኔ ስለሚሆን።